«አባቴ ነጻ ናቸው ተብሏል፣ ወንድሜን ብቻ እናሳክም?» የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ዕድሜና ካንሰር

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከቢቸና ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከዓመታት በፊት በደም ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸው መድኃኒት ጀመሩና አቋረጡ። ከዚያ ወዲህ ሲያማቸው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይወስዳሉ፤ አሁንም እየወሰዱ ነው። ዘንድሮ ታላቅ ወንድማቸው በጨጓራ ካንሰር ሲያርፉ ደንግጠን ሁላችንም ተመረመርን። የ27 ዓመቱ ወንድሜ በሰገራ ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ፤ አባቴ ግን ነጌቲቭ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ ባክቴሪያው ያለበት ወጣት በካንሰር የመያዝ ዕድሉ 9 እጥፍ ነው፣ ከ70 ዓመት በላይ ግን ልዩነት የለውም የሚል አገኘሁ። ስለዚህ ያለንን ገንዘብ ወንድሜ ላይ ብናውለው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። አባቴ ትንሽ ከስተዋል፣ ምግብም ቶሎ ይበቃኛል ይላሉ። ምን ሆኑ ስላቸው ‹ጾሙ ነው› ይሉኛል። የ6 ዓመት ልጅም አለችኝ። እሷንስ ላስመርምራት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመልሱ ልጀምር። አባትሽን በዚህ ሳምንት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራን በካሜራ የሚያየው ምርመራ፣ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። ወንድምሽም መታከም አለበት፤ እሱ ግን ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ የሚመጣ ጣጣ የለም። ልጅሽን ለአሁኑ አትንኪያት።

ያሰብሽውን ቅደም ተከተል ገለበጥኩብሽ፤ ስለዚህ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ ይገባል። ያነበብሽው ቁጥር የፈጠራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ያየ ትንተና ነው። 29 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ባክቴሪያው ያለባቸው ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሉ 9.29 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩ እየወረደ ሄደና 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ላይ 1.05 ደረሰ። ልዩነት የለም እንደማለት ነው። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ ይህን አይቶ «እንግዲያው ለሽማግሌ አያሰጋም» የሚል ብዙ ሰው አለ። እዚህ ላይ ነው የምፈራው።

መጀመሪያ ይህችን «እጥፍ» የምትባል ነገር እንያት። እጥፍ የምትነግረን ባክቴሪያው ያለበትና የሌለበት ሰው ሲነጻጸሩ ያለውን ልዩነት ነው። ስንት ሰው እንደሚታመም አትነግረንም። ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር ከራሴ ልውሰድ። ባክቴሪያው ከሌለባቸው 100,000 ወጣቶች 1 ሰው ታመመ፣ ካለባቸው 100,000 ወጣቶች ደግሞ 9 ሰው ታመመ እንበል። 9 እጥፍ ነው፤ ግን ያው 9 ሰው ነው። አረጋውያን ላይ ደግሞ ካለባቸው 100,000ም ከሌለባቸው 100,000ም መቶ መቶ ሰው ታመመ እንበል። እጥፉ 1 ሆነ። በሽተኛው ተከማችቶ ያለው ግን አረጋውያኑ ዘንድ ነው። እውነተኛውም መልክ ይኸው ነው። የጨጓራ ካንሰር በ20ዎቹ ዕድሜ በጣም ብርቅ ነው፤ ታማሚው የሚበዛው ከ50 እና ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ወንድምሽ ፖዘቲቭ ስለሆነ ካንሰር ደጁ ደርሷል ማለት አይደለም። አባትሽም ነጌቲቭ ስለሆኑ አመለጡ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ረቀቅ ይላል፤ የአባትሽ ጉዳይ ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ይህ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነት ነው። 10 ዓመት ሳይሞላን፣ እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። የሚተላለፈው በዋናነት እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ከእናት፣ ከአባት፣ ከታላላቅ ወንድምና እህት። ካልታከመ አብሮን ያረጃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰው ጨጓራ ወስደው በላቦራቶሪ እስኪያሳድጉት ድረስ አብዛኛው ሐኪም በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ አያስብም ነበር። በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ1994 በአንደኛው ምድብ፣ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

እስቲ አባትሽን እናስብ። በ5 ዓመታቸው ተይዘው ከነበረ ባክቴሪያው ከ60 ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። መጀመሪያ የጨጓራው ሽፋን ይቆጣል። ቁጣው ዓመታት ሲቆይ አሲድ የሚያመነጩት ዕጢዎች እየሳሱ ይሄዳሉ። በጠፉት ቦታ የአንጀት ሽፋን የሚመስል ነገር ይበቅላል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ሴሎቹ መልካቸው ይበላሻል፤ ከእነዚህም በጥቂቱ ላይ ካንሰር ይሆናል። ይህ ሁሉ አሥርተ ዓመታት የሚፈጅ ነው። አብዛኛው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ባክቴሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው ካንሰር የሚይዛቸው ከ1 እስከ 3 ቢሆኑ ነው። ጎጃም ውስጥ «ጨጓራ የሌለበት ማን አለ» የሚባለውን ያህል ካንሰሩ የማይበዛውም ለዚህ ነው።

አሁን ልብ በይ። ባክቴሪያው የለመደው አሲድ የሚያመነጨውን የጨጓራ ሽፋን ነው። ዕጢዎቹ ሲጠፉና ሽፋኑ አንጀት ሲመስል አይመቸውም። ቁጥሩ ይመነምናል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ያደረሰው ጉዳት ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የ70 ዓመት የካንሰር ታማሚ ዛሬ ቢመረመሩ ውጤቱ ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ነው። በጥናቱ መዝገብ ላይ ግን እኚህ ሰው «ባክቴሪያ የሌለበት ታማሚ» ተብለው ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሲበዛ እጥፉ ወደ 1 ይወርዳል። ወጣቱ ላይ ግን ባክቴሪያው ገና ስላልለቀቀ ግንኙነቱ ፊት ለፊት ይታያል። ያየሽው ልዩነት በብዙው የተፈጠረው በዚህ ነው። ዕድሜ ባክቴሪያውን ከጥፋቱ አላነጻውም፤ ማስረጃውን ነው የደበቀብን።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። ጤነኛ ሳሉ ደም ሰጥተው ደማቸው በማቀዝቀዣ የተቀመጠላቸው ሰዎች አሉ። ከዓመታት በኋላ የታመሙትና ያልታመሙት ሰዎች የቆየ ደም ወጥቶ ተመረመረ። በዚህ መንገድ የተሠሩ 12 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠቃለው ታዩ። ደሙ ካንሰሩ ከመገኘቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ የተወሰደ ከሆነ፣ ከጨጓራው የላይኛ አፍ በታች ለሚነሳው ካንሰር ዕድሉ 5.9 እጥፍ ሆነ። ደሙ የተወሰደው ካንሰሩ ሊገኝ ሲቃረብ ከሆነ ግን ቁጥሩ ያንሳል። በሽታው አንድ ነው፤ የተለየው ደሙ የተወሰደበት ጊዜ ነው።

ወደ አባትሽ ወረቀት እንመለስ። የሰገራ ምርመራቸው ነጌቲቭ ሊሆን የሚችልበት አንዱ ምክንያት የነገርኩሽ ነው። ሌላው ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ነው የተመረመሩት። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው ውጤቱን ያሳስታል። ምርመራው እንዲታመን ኦሜፕራዞል ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት መቋረጥ አለበት። ይህን ሳይጠይቁ የሚመረምሩ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ግን አባትሽን አሁን ኦሜፕራዞል አስቁመሽ ሁለት ሳምንት ጠብቂ አልልሽም። የእሳቸው ጥያቄ ባክቴሪያው አለ ወይ የሚለውን አልፏል። ጨጓራቸው ምን ይመስላል የሚለው ላይ ነው ያለነው።

ጎጃም ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ሽማግሌ አባት ይገባሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጡና ፌስታል ያወጣሉ። ውስጡ ከየከተማው የተጠራቀመ ወረቀት አለ፤ ከደጀን፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ። ሁሉም ላይ የተጻፈው ያው ነው፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም። ክብደት ቀንሰዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ «እኔ ሚዛን ላይ ወጥቼም አላውቅ» ይላሉ። ቀበቷቸውን ሳይ ግን ከፋብሪካው ቀዳዳ በኋላ በምስማር የተበሳ ሌላ ቀዳዳ አለ። አንዳንዱ ላይ ሁለት። ያ ቀዳዳ ከሚዛን አያንስም። ኦሜፕራዞል ሕመሙን ያስታግሳል፤ ካንሰር የሆነ ቁስልንም ለጊዜው ሊያሽረው ይችላል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ስወስድ ይሻለኛል» ማለት በዚህ ዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

አንቺም የአባትሽን ቀበቶ እይው። ጾም ሰውን ሊያከሳ ይችላል፤ እሱ እውነት ነው። ጾሙ ሲፈታ ግን ሰው ይመለሳል። ትንሽ ጎርሶ መጥገብን ደግሞ በጾም አላመካኝም። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ደም ያለበት ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ በማንኛውም ዕድሜ መጠበቅ የለም። 60 ዓመት ያለፈው ሰው ደግሞ እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩበትም አዲስ የጨጓራ ሕመም ከጀመረው መመሪያዎች የሚመክሩት በኢንዶስኮፒ እንዲታይ ነው። ለወጣቱ በሰገራ መርምሮ ማከም ይበቃል፤ ለሽማግሌው አይበቃም። ዕድሜ ሥራችንን የሚለውጠው እዚህ ላይ ነው።

ኢንዶስኮፒ ባህር ዳር ባሉት ትላልቅ ሆስፒታሎች ይሠራል። ማሽን ሊበላሽ፣ ወረፋ ሊኖር ይችላልና ሳትነሱ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሌሊቱን ምግብ ሳይበሉ ያድራሉ። ጉሮሯቸው ይደነዝዝና ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባል። ደቂቃዎች ናቸው። ደስ አይልም፣ አያሳምምም ግን። አንድ ነገር ሐኪሙን በትሕትና ጠይቂልኝ፤ ናሙና ከታችኛውም ከመካከለኛውም የጨጓራ ክፍል እንዲወሰድ። የሳሳ ሽፋን ላይ ባክቴሪያው ከታች ጠፍቶ ከላይ ሊገኝ ይችላል፤ የሽፋኑም ጉዳት እስከ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስለ ዘር ያሰብሽውም ወደ አባትሽ ነው የሚያዞረን። ያረፉት የእሳቸው ወንድም ናቸው። አደጋው ከፍ የሚለው ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ በጨጓራ ካንሰር የታመመበት ሰው ላይ ነው። ለአንቺና ለወንድምሽ አጎት ናቸው፤ ለአባትሽ ግን ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ በአንድ መሶብ ያደጉ፣ ምናልባትም በዚያው የልጅነት ጊዜ በዚያው ባክቴሪያ የተያዙ ናቸው።

«በዚህ ዕድሜ ባክቴሪያው ቢገኝስ ማከም ምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ አሉ። ይጠቅማል። በቻይና ሻንዶንግ በተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ላይም ባክቴሪያውን ማጥፋት ካንሰሩን ቀንሷል። ሆንግ ኮንግ ላይም ከ60 ዓመት በኋላ የታከሙ ሰዎች ላይ ቅናሽ ታይቷል፤ በተለይ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ። ሽፋኑ ቀድሞ የተጎዳ ሰው ግን ባክቴሪያው ጠፋልኝ ብሎ ክትትል መተው የለበትም። የአባትሽን ሐኪም ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ አሳዪው። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ከሚወስድ ሽማግሌ ጋር ሲገናኝ ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። የልብ መድኃኒትም ካለ እንደዚሁ ይነገር።

ወንድምሽ ጋ ልምጣ። ቅደም ተከተሉን ስለገለበጥኩ ቸል ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ በሕክምናው ከሁላችሁም በላይ የሚያተርፈው እሱ ነው። ሽፋኑ ገና ሳይጎዳ ባክቴሪያውን ማስወገድ የሚቻልበት ዕድሜ ላይ ነው። ቻይና ፉጂያን ውስጥ 1,630 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ7 ዓመት ተኩል ውስጥ፣ ሲጀመር የሽፋን ጉዳት ካልነበረባቸው መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት አንድም ሰው በካንሰር አልተያዘም፤ ካልወሰዱት 6 ተያዙ። ጉዳቱ ቀድሞ በነበረባቸው ላይ ግን ጥቅሙ በዚያ ጊዜ ውስጥ አልታየም። ጃፓን ውስጥ በ2001 የወጣውም አለ። ባክቴሪያው ካለባቸው 1,246 ሰዎች 36ቱ በካንሰር ሲያዙ ከሌለባቸው 280 ሰዎች አንድም አልተያዘም። የታይዋን ማትሱ ደሴቶች ሰዎች ደግሞ ከ2004 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመረመርና እንዲታከም አድርገው ካንሰሩን ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል።

የወንድምሽ ፈተና መድኃኒቱን መጨረስ ነው። አባትሽም ያኔ ያቋረጡት ለዚህ ይመስለኛል። ኦሜፕራዞልና ሁለት አንቲባዮቲክ፣ ጠዋትና ማታ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን። አፍ ይመራል፣ ሆድ ይታመሳል። በአምስተኛው ቀን ሲሻለው መተው ያምረዋል። ከተወው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጾም ከሆነ ሳይጀምር የንስሐ አባቱን ያናግር። ከታዘዙለት ውስጥ ሜትሮኒዳዞል ካለበት እስኪጨርስ ጠላም አረቄም ይቅርበት፤ ድግስ ላይ ሰው «አንድ ብርሌ ምን ያደርጋል» ቢለውም። ቢስመዝ የሚባለው ከተጨመረበት ሰገራው ይጠቁራል፤ ያ ከመድኃኒቱ ነው፣ አይደንግጥ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነም አስቀድሞ ይናገር፤ አሞክሲሲሊን የዚያው ቤተሰብ ነው።

ሲጨርስ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ በሰገራ ይመርመር። በደም እንዳይሆን። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለሆነ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ወራትና ዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ያንኑ አንቲባዮቲክ ሲወስድ አይቻለሁ። ያናድዳል፤ ለሰውየውም ለኪሱም ጉዳት ነው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ጤነኛ ከሆነች አታስመርሚያት። የልጆች ሐኪሞች መመሪያ ምልክት የሌለባቸውን ልጆች፣ እምብርታቸው አካባቢ አልፎ አልፎ የሚያማቸውንም ጭምር፣ ለዚህ ባክቴሪያ እየመረመሩ ማከምን አይመክርም። በዚህ ዕድሜ ካንሰር አያሰጋትም፤ ቢጠፋላትም መልሳ ልትያዝ ትችላለች። አድጋ ስትመረመር ጊዜው አይረፍድም። ማድረግ የምትችይው ውኃው ንጹሕ እንዲሆን፣ ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና እንዲታጠብ፣ ምግብ በአፍ ታኝኮ እንዳይሰጣት ነው። ጉርሻውን አልከለክልሽም፤ የሚያጎርሰው እጅ ብቻ የታጠበ ይሁን።

አባትሽ «በሽምግልናዬ ቱቦ አልውጥም» ቢሉሽ አትታገያቸው፤ አትዋሺያቸውም። ወንድማቸውን ያስታመመ ሰው ቤታችሁ አለ። እሱ አጠገባቸው ይቀመጥና በሽታው እንዴት እንደጀመራቸው፣ መቼ እንደተገኘ ይንገራቸው። የአጎትሽ የናሙና ውጤት ወረቀት ካለም ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካንሰሩ የትኛው ዓይነት እንደነበር እዚያ ላይ ተጽፎ ይሆናል። አንዱ ዓይነት በወጣትነትም ስለሚመጣና አንዳንዴ በዘር ስለሚሄድ፣ እሱ ከሆነ ስለ አንቺና ስለ ወንድምሽ የነገርኩሽን እንደገና አየዋለሁ።